ዋይፋይ የሌለውን የቢሮ ኮፒ ማሽን ከዋይፋይ ኔትወርክ ጋር ማገናኘት

ከ10 እና ከ15 ዓመት በፊት የተሠሩ ኮፒ ማሽኖች ዛሬም በየቢሮው አሉ። ሪኮ አፊሲዮ፣ ካነን ኢሜጅ ረነር፣ ኪዮሴራ፣ ኮኒካ ሚኖልታ ቢዝሀብ፣ የትኛውም ቢሆን ድራሙ ከተቀየረለት፣ ወረቀት የሚስበው ጎማ ከታደሰና ቶነሩ ከተገኘ ገና ብዙ ይሠራል። የሚጎድለው ዋይፋይ ነው። ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ አንድ ገጽ ለማተም ግን ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ማሽኑ የተሰካባት አንዲት ኮምፒውተር ጋ ተራ ይጠብቃል።

አብዛኛው ሰው መፍትሔውን የሚፈልገው ማሽኑ ውስጥ ነው። የዋይፋይ ካርድ ይገጠምለት ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ለአንዳንድ ሞዴሎች በእርግጥ እንዲህ ያለ ካርድ ተሠርቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ማግኘቱ ከባድ ነው፣ ቢገኝም የዚያ ዘመን ካርድ አዳዲስ ራውተሮች የሚጠይቁትን የዋይፋይ ደኅንነት ላያውቅ ይችላል። ድካሙን አያዋጣም። ማሽኑ ራሱ ዋይፋይ እንዲኖረው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ላፕቶፖቹ ባሉበት ኔትወርክ ውስጥ መግባት ነው፤ እዚያ የሚገባው በኬብል ይሁን በአየር ላፕቶፖቹ አያውቁም፣ ግድም የላቸውም።

ከኋላው ያለውን ቀዳዳ እዩ

ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ጀርባውንና ጎኑን እዩ። የምትፈልጉት ስምንት የብረት ጥርስ ያለውን የኔትወርክ ቀዳዳ፣ አርጄ45 የሚባለውን ነው። ፋክስ ያላቸው ማሽኖች እሱን የሚመስል ጠበብ ያለ የስልክ መስመር ቀዳዳም ስላላቸው አትሳሳቱ፤ የኔትወርክ ኬብል እዚያ አይገባም፣ በግድም አታስገቡት። አራት ማዕዘን የምትመስለው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ዩኤስቢ ናት። ያለው ዩኤስቢ ብቻ ከሆነ ወደ ታች ስለ እሱ የጻፍኩትን ክፍል እዩ።

ቀዳዳው መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሞዴሎች ሲሸጡ ኮፒ ብቻ የሚያደርጉ ነበሩ፤ የፕሪንተርና የኔትወርክ ሰሌዳው ለብቻ ይገዛ ነበር። ማረጋገጫው የማሽኑን የኮንፊገሬሽን ገጽ ማተም ነው። በሪኮ አፊሲዮ ላይ ዩዘር ቱልስ የሚለውን ቁልፍ ትጫኑና ፕሪንተር ፊቸርስ፣ ከዚያ ሊስት ቴስት ፕሪንት፣ ከዚያ ኮንፊገሬሽን ፔጅ ትላላችሁ። በወጣው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ማሽኑ የሚችላቸው የፕሪንተር ቋንቋዎች ናቸው፤ ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የሚል ካያችሁ መልካም ነው። ሁለተኛው የማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ ነው። ፕሪንተር ፊቸርስ የሚል ምርጫ ጭራሽ ከሌለ ግን ሰሌዳው አልተገጠመለትም ማለት ነው፤ ወደ ታች የምገልጸውን ብሪጅ የሚባል የዋይፋይ መቀበያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

ያገለገለ ማሽን ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡ ማሽኖች የቀድሞው ባለቤት የአድሚን ፓስወርድ እንዳለባቸው ሊመጡ ይችላሉ። ኮፒው ቆንጆ ስለወጣ ብቻ አትክፈሉ። የሲስተም ሴቲንግ ገጹ እንደሚከፈትና የአይፒ አድራሻው እንደሚቀየር ሻጩ ፊት ሞክሩ።

ኬብል የሚደርስ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ

ራውተሩ ከማሽኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ወይም አጠገብ ባለው ክፍል ከሆነ ሥራው አጭር ነው። የኔትወርክ ኬብል አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ራውተሩ ጀርባ ካሉት ላን ከሚባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ሰኩ። ካት5ኢ ወይም ካት6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የብዙ ቢሮ ፎቅ ከዚህ አይረዝምም። በራውተሩ ዋይፋይ ላይ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ማሽኑን ያገኘዋል። ማሽኑ ዋይፋይ የለውም፣ ሰዎቹ ግን በዋይፋይ ያትማሉ።

ሰው ይህን መንገድ የሚንቀው ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ኬብል በግድግዳ ጥግ በፕላስቲክ ቦይ ማሳለፍ ወይም በጣሪያው ውስጥ መሳብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማንም አያስታውሰውም። ዋይፋይ ግን ጎረቤት ቢሮ አዲስ ራውተር ሲያስገባ፣ ወፍራም ግድግዳ ሲመጣ፣ ፓስወርድ ሲቀየር ይታመማል። ስለዚህ ኬብል የሚያስኬድ መንገድ ካለ ኬብሉን አስኪዱ። የሚቀጥለውን የብሪጅ ክፍል ዘልላችሁ፣ የአድራሻውን ክፍል አንብባችሁ ወደ ኮምፒውተሩ ሥራ ማለፍ ትችላላችሁ።

ኬብል የማይደርስ ከሆነ፦ ብሪጅ

ራውተሩ ሌላ ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ቤቱ ኪራይ ሆኖ ባለቤቱ ግድግዳ አትንኩ ካለ፣ ወይም መተላለፊያውን አቋርጦ ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ፣ ዋይፋዩን ተቀብሎ በኔትወርክ ኬብል የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ከማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል። ሥራው ብሪጅ ይባላል። ለዚህ የሚሆኑ ብዙ መሣሪያዎች አሉ። የቲፒ ሊንክ ቲኤል-ደብልዩአር802ኤን የምትባለው የእጅ መዳፍ የምታህል ራውተር አንዷ ናት፤ በስልክ ቻርጀር ዓይነት 5 ቮልት ትሠራለች፣ አንድ የኔትወርክ ቀዳዳ አላት። የማይክሮቲክ ሃፕ ላይት፣ ወይም የላን ቀዳዳ ያለው የዋይፋይ ኤክስቴንደርም ይሆናል። መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ራውተር ካላችሁም በሴቲንጉ ውስጥ ክላየንት ሞድ የሚል ካለው ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ሱቅ ስትገቡ መጠየቅ ያለባችሁ ፍጥነቱን አይደለም። በደቂቃ 25 ገጽ የሚያወጣ ማሽን ከማንኛውም ዋይፋይ ይልቅ ራሱ ነው የሚዘገየው። የምትጠይቁት ክላየንት ሞድ እንዳለውና የኔትወርክ ቀዳዳ እንዳለው ነው። የላን ቀዳዳ የሌለው ኤክስቴንደር ለዚህ ሥራ ምንም አይጠቅምም።

ከሞዶቹ ስም ጋር ትንሽ መተዋወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው። አክሰስ ፖይንት ሞድ ኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ ያወጣል፤ የእኛ ፍላጎት ተቃራኒው ነው። ሆትስፖት ወይም ደብልዩአይኤስፒ የሚባለው ሞድ ዋይፋዩን ይቀበላል፣ ነገር ግን ከኋላው አዲስ የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል። ማሽኑ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ላፕቶፖቹ ግን ማሽኑን አያገኙትም። ሁሉ ነገር የበራ፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ህትመት እምቢ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ሞድ ነው። የምትመርጡት ክላየንት የሚለውን ነው፤ ኤክስቴንደር ከሆነ ደግሞ ሪፒተር ወይም ሬንጅ ኤክስቴንደር የሚለው ያገለግላል።

ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩት።

1. ብሪጁን ገና ከማሽኑ ጋር አታገናኙት። በኔትወርክ ኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኙት፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ ዝጉ። ካልተዘጋ ወደ ብሪጁ የገባችሁ መስሏችሁ የዋናውን ራውተር ገጽ ከፍታችሁ ልትነካኩ ትችላላችሁ።

2. ብሮውዘር ከፍታችሁ በብሪጁ ሆድ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ጻፉ፤ በተጠየቃችሁ ጊዜ አዲስ የአድሚን ፓስወርድ ስጡት።

3. ኦፕሬሽን ሞድ በሚለው ውስጥ ክላየንት ምረጡ። የሚያያቸውን ዋይፋዮች እንዲዘረዝር አድርጋችሁ የቢሯችሁን ስም ምረጡና የዋይፋዩን ፓስወርድ አስገቡ። ብሪጁ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ባለ 5 ጊጋኸርዙን ስም አያሳያችሁም፤ ብልሽት አይደለም።

4. ለብሪጁ ለራሱ ከቢሮው ኔትወርክ ቤተሰብ የሆነ አድራሻ ስጡት። ዋናው ራውተር 192.168.100.1 ከሆነ ብሪጁን 192.168.100.201 በሉት። ይህን የምታደርጉት በኋላ ገጹን መክፈት ስትፈልጉ እንዳይጠፋባችሁ ነው።

5. ሴቭ ብላችሁ ተነስቶ እስኪበራ ጠብቁ። ከዚያ የላፕቶፑ ዋይፋይ እንደተዘጋ፣ በዚያው ኬብል በኩል ኢንተርኔት ይከፈት እንደሆነ ሞክሩ። ከከፈተ ብሪጁ ሠርቷል። ካልከፈተ ወደ ማሽኑ አትሂዱ፤ ችግሩ እዚሁ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የተሳሳተ የዋይፋይ ፓስወርድ ነው።

6. አሁን ኬብሉን ከላፕቶፑ ነቅላችሁ ኮፒ ማሽኑ ላይ ሰኩት። ከቀዳዳው አጠገብ ትንሽ መብራት ካለ ትበራለች።

አቀማመጡ ላይ ተጠንቀቁ። ኮፒ ማሽን በውስጡ ብዙ ብረት አለው፤ ብሪጁ ከጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ ዋይፋዩን ይጋርደዋል። ሁለት ሜትር ኬብል ይጨመርበትና ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የብሪጁ ገጽ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም የሚያሳይ ከሆነ እስከ -65 ድረስ ምቹ ነው፤ -75 ካለፈ ቀን ይሠራል ቀን ይተዋል። ኃይሉን ደግሞ ከማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ አትስጡት። ማሽኑ ሲተኛ ያ ቀዳዳ ኃይል ሊያቋርጥ ይችላል፣ ብሪጁም አብሮ ይሞታል።

አድራሻ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚበላው ዋይፋዩ አይደለም፣ አድራሻው ነው። ኔትወርክ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ የአይፒ አድራሻ አለው። ራውተሩ ለላፕቶፖችና ለስልኮች ዲኤችሲፒ በሚባለው አሠራር በራሱ ያድላል፤ ዛሬ የሰጠውን ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ለስልክ ግድ የለም። ኮፒ ማሽን ግን ሁሉም ሰው የሚፈልገው ዕቃ ነው። ትናንት 192.168.100.14 የነበረው ዛሬ 192.168.100.22 ከሆነ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አሮጌውን አድራሻ ያንኳኳሉ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት «ማሽኑ ኦፍላይን ሆነ» የሚባለው ጩኸት ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ለማሽኑ የማይቀየር አድራሻ ትሰጡታላችሁ። አንዳንዱ ባለሙያ በራውተሩ ላይ ማስያዝ ይሻላል ይላል፤ በቀጥታ በኬብል ከተሰካ እውነት ነው። በብሪጅ በኩል ሲሆን ግን ብዙ ብሪጆች የማሽኑን መለያ ቁጥር በራሳቸው መለያ ቁጥር ይተኩታልና ራውተሩ ማሽኑን በትክክል ላያውቀው ይችላል። በእኔ አስተያየት አድራሻውን በማሽኑ ላይ በእጅ መጻፍ የማያሳፍር መንገድ ነው።

መጀመሪያ የኔትወርኩን ቤተሰብ እወቁ። በዋይፋዩ ላይ ባለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና አይፒ ቪ4 አድሬስ እና ጌትዌይ የሚሉትን አንብቡ፤ ጌትዌይ የተባለው የራውተሩ አድራሻ ነው። የሁዋዌ ፋይበር ራውተሮች ብዙውን ጊዜ 192.168.100.1 ናቸው፤ የዜድቲኢ ደግሞ 192.168.1.1። ጌትዌዩ 192.168.100.1 ከሆነ የማሽኑ አድራሻ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው የመጨረሻው ብቻ ይለያል፤ ለምሳሌ 192.168.100.200።

ይህ ቁጥር ለሌላ ሰው ስልክ እንዳይታደል መከላከል ያስፈልጋል። ወደ ዋናው ራውተር ገጽ ገብታችሁ የዲኤችሲፒውን መጨረሻ ከ254 ወደ 199 ዝቅ አድርጉት። ከ200 ጀምሮ ያለው ለማሽን፣ ለብሪጅ፣ ለካሜራ የተያዘ ይሆናል። ይህን ሳያደርጉ በዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጡ ሰዎች ወር ሁለት ወር ይሠራላቸውና አንድ ቀን አንድ ስልክ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ማሽኑም፣ ስልኩም መሥራት ያቆማሉ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

በሪኮ ማሽን ላይ እንዲህ ይጻፋል። ዩዘር ቱልስ፣ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኢንተርፌስ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ። ማሽን አይፒ ቪ4 አድሬስ የሚለውን ከአውቶ ወደ ስፔሲፋይ ቀይሩና አድራሻውን 192.168.100.200፣ ሰብኔት ማስኩን 255.255.255.0 ጻፉ። ጌትዌይ በሚለው 192.168.100.1 አስገቡ። እዚያው ኢፌክቲቭ ፕሮቶኮል የሚለውን ከፍታችሁ አይፒ ቪ4 አክቲቭ መሆኑን እዩ። ላን ታይፕ የሚል ምርጫ ካለ ኢተርኔት መሆን አለበት፤ ቀድሞ የዋይፋይ ካርድ የነበረው ማሽን ከሆነ ወደ ሌላው ተዘዋውሮ ሊቆይ ይችላል፣ ኬብሉንም ጨርሶ አያየውም። ከጨረሳችሁ በኋላ ማሽኑን በዋናው ማብሪያ አጥፍታችሁ አብሩት።

በካነን ኢሜጅ ረነር አድቫንስ ላይ ሴቲንግስ ሬጅስትሬሽን፣ ፕሪፈረንስስ፣ ኔትወርክ፣ ቲሲፒ አይፒ ሴቲንግስ ነው። በኮኒካ ሚኖልታ ቢዝሀብ ዩቲሊቲ፣ አድሚኒስትሬተር ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሴቲንግስ ብላችሁ ትገባላችሁ። ኪዮሴራ ሲስተም ሜኑ የሚል ቁልፍ አለው። ስሞቹ ይለያዩ እንጂ የሚሞሉት ሦስቱ ቁጥሮች አይለወጡም።

አሁን ፈትኑት። በዋይፋይ ላይ ካለ ላፕቶፕ ብሮውዘር ከፍታችሁ የማሽኑን አድራሻ ብቻ ጻፉ። የማሽኑ ገጽ ከመጣ የወረቀቱንና የቶነሩን ሁኔታ ያሳያችኋል፤ ከባዱ ክፍል አልቋል። ካልመጣ በኮማንድ ፕሮምፕት ፒንግ አድርጉት፤ ማለትም ping 192.168.100.200 ብላችሁ ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ እዩ። ፒንጉ መልስ እየሰጠ ገጹ ብቻ ካልተከፈተ አትጨነቁ፤ የድሮ ማሽኖች ገጽ አዳዲስ ብሮውዘሮች የማይቀበሉትን አሮጌ ምስጠራ ሊጠቀም ይችላል፣ ህትመቱን ግን አያግደውም። ፒንጉም ከሌለ ላፕቶፑ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንዳልሆነ አጣሩ። የእንግዳ ዋይፋይ ሰዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተብሎ የተሠራ ነውና ማሽኑንም ይደብቃል። በራውተሩ ላይ ኤፒ አይሶሌሽን የሚል ነገር በርቶ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው።

ኮምፒውተሮቹን ማስተዋወቅ

ዊንዶውስ በራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው አትጠብቁ። ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ገጽ ላይ አድ ዲቫይስ ካላችሁ በኋላ አድ ማኑዋሊ የሚለው እስኪመጣ ጠብቁ። በአይፒ አድራሻ የሚጨምረውን ምረጡ፤ ዲቫይስ ታይፕ በሚለው ቲሲፒ አይፒ ዲቫይስ አድርጉና 192.168.100.200 ጻፉ። ድራይቨሩን በራሱ ይጠይቅ የሚለውን ምልክት አንሱት፤ የድሮ ማሽን ላይ ጊዜ ከማባከን ውጭ ጥቅም አላየሁበትም።

ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ለሞዴላችሁ ለዊንዶውስ 11 የተሠራ ባይኖርም ተስፋ አትቁረጡ። ሪኮ ፒሲኤል6 ድራይቨር ፎር ዩኒቨርሳል ፕሪንት የሚባል፣ ካነን ጀነሪክ ፕላስ የሚባል፣ ኪዮሴራ ኬኤክስ ድራይቨር የሚባል ብዙ ሞዴሎችን በአንድ ላይ የሚያስተናግድ ድራይቨር አላቸው። ስለዚህ ነው ኮንፊገሬሽን ገጹ ላይ ፒሲኤል የሚለውን ፈልጉ ያልኩት።

አንድ ትንሽ ግን ብዙ ሰው ያንገላታ ነገር አለ። ማሽኑ በደንብ እያተመ ዊንዶውስ ኦፍላይን ነው ብሎ ግራጫ ያደርገዋል። ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ፣ ፖርትስ፣ ኮንፊገር ፖርት ግቡና ኤስኤንኤምፒ ስታተስ ኢኔብልድ የሚለውን ምልክት አንሱ። ዊንዶውስ ማሽኑን በዚህ መንገድ ሁኔታውን ይጠይቀዋል፤ መልሱን ካላገኘ ማሽኑ የለም ብሎ ይደመድማል። በዚያው ገጽ ፕሮቶኮሉ ሮው፣ ፖርት ቁጥሩ 9100 መሆኑንም እዩ።

ስካን

ህትመት ተሳክቶ ስካን እምቢ ካለ ብሪጁን አትውቀሱ። የድሮ ማሽኖች የተቃኘውን ወደ ኮምፒውተር ፎልደር የሚልኩት ኤስኤምቢ1 በሚባል አሮጌ ቋንቋ ነው። በግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ ቋንቋ ቀዳዳ ዓለምን ካመሰ በኋላ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ከወጣው የዊንዶውስ 10 ስሪት ጀምሮ አዲስ በሚጫኑት ላይ አጥፍቶታል። መልሶ ማብራት ይቻላል፤ የኢንተርኔት መድረኮች ሁሉ የሚመክሩትም እሱን ነው። የሒሳብ ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ላይ ግን አላደርገውም።

የተሻለው መንገድ ኤፍቲፒ የሚባለው የፋይል መላኪያ አሠራር ነው። አንድ ሁልጊዜ የሚበራ ኮምፒውተር ላይ ፋይልዚላ ሰርቨር ጫኑ፣ ለስካን ብቻ የሚሆን አንድ ፎልደርና አንድ የተጠቃሚ ስም ፍጠሩ፣ በማሽኑ የአድራሻ ደብተር ላይ ያን ኮምፒውተር በፖርት 21 መዝግቡ። ለዚያ ኮምፒውተርም የማይቀየር አድራሻ ስጡት። ኤፍቲፒ ፓስወርዱን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበትን ፓስወርድ አትስጡት። ሰው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ላይ ፍላሽ ሰክቶ ስካን ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

ወደ ኢሜይል ስካን ማድረግ እየከበደ ሄዷል። ጂሜይል ከግንቦት 30 ቀን 2022 በፈረንጆቹ ወዲህ ተራውን ፓስወርድ ከእንዲህ ያለ ዕቃ አይቀበልም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ አፕ ፓስወርድ የሚባለውን 16 ፊደል ማውጣት አለባችሁ። እሱም ተሠርቶ ማሽኑ የሚያውቀው ምስጠራ ከጊዜው ያለፈ ከሆነ አይሄድም።

ስልክስ?

አይፎን በዋይፋይ የሚያትምበት ኤርፕሪንት የመጣው በ2010 መጨረሻ ከአይኦኤስ 4.2 ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት የተነደፈ ማሽን ከአይፎን በቀጥታ አይታይም። ጉግል ክላውድ ፕሪንትም በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል። ስለዚህ አሮጌ መመሪያ ላይ ስታገኙት ዝለሉት። ስልክ የግድ ከሆነ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ከፕስ የሚባለውን የህትመት ሶፍትዌር መጫን ይቻላል። ከፕስ አሮጌውን ማሽን ለስልኮች ኤርፕሪንት እንዳለው አድርጎ ያቀርበዋል። ለዚህ የሊኑክስ ዕውቀት ያለው ሰው ይፈለጋል።

ዩኤስቢ ብቻ ላለው ማሽን

የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለ ምርጫው ይጠባል። በአንድ በኩል ዩኤስቢን ወደ ኔትወርክ የሚቀይር ፕሪንት ሰርቨር አለ፤ የቲፒ ሊንክ ቲኤል-ፒኤስ110ዩ ዓይነቱ። ይህ ፒሲኤል ለሚያውቁ ማሽኖች ይሆናል፤ የህትመቱን ሥራ ኮምፒውተሩ እንዲሠራላቸው ለሚጠብቁ ርካሽ ሞዴሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ ስካንም በእሱ በኩል አትጠብቁ። በሌላ በኩል ከላይ ያልኩት ራስበሪ ፓይ አለ። ሦስተኛውና ዛሬም በየቢሮው የምታዩት፣ ማሽኑን ከአንድ ዴስክቶፕ ጋር ሰክቶ ከዊንዶውስ ሼር ማድረግ ነው። ኮምፒውተሯ ስትዘጋ ህትመት ይቆማል። ፕሪንት ናይትሜር ከተባለው የ2021ዱ የዊንዶውስ ህትመት የደኅንነት ቀዳዳ በኋላ ደግሞ ማይክሮሶፍት ድራይቨር ከሌላ ኮምፒውተር ለመጫን የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በየላፕቶፑ እየዞሩ ድራይቨሩን በእጅ መጫን ይቀራል።

መብራትና እንቅልፍ

ኮፒ ማሽን ሲሞቅ ከ1000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ራውተሩንና ብሪጁን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፣ ማሽኑን ግን እዚያው ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ መሸከም አይችልም። ማሽኑን ከሌላ አምስት ዕቃ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ማድረግም አይመከርም። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ከብሪጁ ቀድሞ ቢነሳ በእጅ የተጻፈ አድራሻ ስላለው ምንም አይሆንም።

ከረዥም ዝምታ በኋላ የመጀመሪያው ህትመት ብቻ ከጠፋ ማሽኑ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው። በኢነርጂ ሴቨር ወይም ስሊፕ ሞድ ውስጥ ጊዜውን አርዝሙት፣ ወይም ቀለል ያለውን እንቅልፍ ምረጡ። ብሪጁ ከቀናት በኋላ የሚንጠለጠል ከሆነ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የውስጥ ሶፍትዌሩን፣ አድሱ፤ ካልተሻለ በሶኬት ታይመር ሌሊት ለደቂቃዎች እንዲጠፋ ማድረግ የሰነፍ ቢሆንም የሚሠራ መላ ነው።

ፓስወርድና የራውተር ለውጥ

ማሽኑ ኔትወርክ ላይ ከወጣ በኋላ የፋብሪካ ፓስወርዱን ቀይሩ። የብዙ የካነን ማሽኖች 7654321 ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፎ ያለ ቁጥር ስለሆነ ዋይፋዩ ላይ የገባ ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ከቤት ሆኖ ለማተም ሲባል በራውተሩ ላይ ፖርት 9100ን ወደ ውጭ አትክፈቱ። ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ፕሪንተር የማያውቁት ሰው ወረቀት ሲያወጣበት ማደሩ የታወቀ ነው።

አንድ ቀን ራውተሩ ይቀየራል፤ ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ ይሰጣችኋል ወይም እናንተ ትገዛላችሁ። ያን ጊዜ ማሽኑንም፣ ብሪጁንም፣ ላፕቶፖቹንም መንካት የለባችሁም። አዲሱን ራውተር የአሮጌውን የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ስጡት፣ የላን አድራሻውን ወደ 192.168.100.1 መልሱት፣ ዲኤችሲፒውን 199 ላይ አስቁሙት። ማሽኑ ራውተሩ መቀየሩን ሳያውቅ ያትማል።